ቦታ ለጠበበው ዲስክ

«ሲ ድራይቩ ሞልቶ አውቶካድ አልጫን አለኝ» እያላችሁ ለምትጽፉልኝ የደብረ ታቦር የምህንድስና ተማሪዎች፣ ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል ከመመለስ ለሁላችሁም በአንድነት መጻፍ ይበጃል ብዬ የማውቀውን እነሆ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ 10 ጊጋባይት ይፈጃል የተባለ ፕሮግራም 10 ጊጋባይት ባዶ ስፍራ ብቻ የማይበቃው መሆኑ ነው፤ ታምቆ የመጣው ፋይል አንድ ስፍራ፣ ሲፈታ ለጊዜው የሚያርፍበት ሌላ ስፍራ፣ ተጭኖ የሚኖርበት ደግሞ ሦስተኛ ስፍራ ይሻልና። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ ወራት ሙሉ የተደከመው መድፉ ለሚቆምበት መደብ ሳይሆን ለሚያልፍበት መንገድ እንደ ነበረ ሁሉ፣ እዚህም ስፍራ የሚያጣብበው ጉዞው ነው። ፕሮግራሙን ዲ ድራይቭ ላይ ጭነው ሳለ «ሲ ሞልቷል» የሚባሉትም፣ ብዙውን ጊዜ የሚፈታው ሲ ላይ ስለ ሆነ ነው።

ስለዚህ እጃችሁን ወደ መመረቂያ ጽሑፋችሁና ወደ ፎቶግራፋችሁ ከመዘርጋታችሁ በፊት፣ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚለውን ፎልደር ከፍታችሁ በመጠን አሰልፉት፤ አንዱን መጽሐፍ በሦስት ስም፣ ተፈትቶ ያለቀለትን ዚፕ ከተፈታው ጎን ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ከቻናሉ ያልተነሣ ፋይል ተመልሶ መውረዱ እውነት ቢሆንም፣ የሚወርደው በፓኬጅ ገንዘብ ነውና ትልልቁን ከመሰረዝ ወደ ፍላሽ ማሻገሩ ይሻላል። የተሰረዘውም ሪሳይክል ቢን እስካልተራገፈ ድረስ ስፍራውን አይለቅም።

ቀጥሎ የዊንዶውስ የራሱ ጓዝ አለ። ኃላፊና ጠፊ ሆነው ሳለ እንደ ዘላለማዊ የሚከማቹት ጊዜያዊ ፋይሎች፣ ሴቲንግ ገብታችሁ ስቶሬጅ የሚለው ውስጥ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» በሚል ስም ተዘርዝረው ይታያሉ። በዚያው ዝርዝር ዊንዶውስ ከታደሰ በኋላ የሚቀረው አሮጌው ዊንዶውስ ይገኛል፤ ይህ በ10 ቀን በራሱ የሚሰረዝ ሲሆን፣ ቀድሞ የሚያጠፋው ሰው ወደ ቀድሞው እትም የመመለሻውን መንገድ እንደሚዘጋ ይወቅ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ዊን ኤስ ኤክስ ኤስ» ግን፣ ምንም እንኳ ግዝፈቱ ቢያስጎመጅ፣ በእጅ የሚነካ አይደለም።

ስለ ሃይበርኔሽን ፋይል ከብዙዎች ጋር አልስማማም። ይህ ፋይል ብዙውን ጊዜ የራሙን 40 በመቶ ያህል፣ ማለት 8 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ከ3 ጊጋባይት በላይ ይይዛልና አጥፉት የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን መብራት ሄዶ ባትሪው ሲደክም፣ የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አኑሮ የሚያቆየው እርሱ በመሆኑ፣ መብራት በማይታመንበት አገር ላለ ተማሪ 3 ጊጋባይት ውድ ዋጋ አይመስለኝም። «ኮምፒውተር አጽጂ» እየተባሉ የሚታደሉት ፕሮግራሞች ግን ዊንዶውስ በነጻ የሚሠራውን ሊሠሩ ራሳቸው ስፍራ የሚይዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ደግሞ፣ ፕሮግራሙን ስትጭኑ «ኔክስት» የሚለውን ለመንካት ሳትቸኩሉ የሚቀርብላችሁን ምርጫ በጽሞና አንብቡ፤ ማትላብ ቱልቦክሶቹን አንድ በአንድ ያስመርጣልና፣ የሲቪል ተማሪ ከሆናችሁ የሲግናል ፕሮሰሲንጉንና የመሳሰለውን ምልክት አንሡበት፤ ካስፈለጋችሁ በኋላ መጨመር ይቻላል።