የአማርኛ ኮሚክ ገጽ እንዴት ይሠራል?

ታሪክን በሣጥን ከፋፍሎ መሣል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ አንድ ሸራ ላይ በ44 ሣጥን ተሥሎ፣ በየሥሩ አጭር ጽሑፍ ታክሎበት ሲሸጥ ኖሯል። መጽሐፍ የሆነው ኮሚክ ግን ገና ጀማሪ ነው፤ በስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና የሚባለውን «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ «ሐዊ» ተከተለች።

የምንሠራው ኮሚክ ታሪክ ሳሪስ ታክሲ ተራ ላይ ይጀምራል እንበል። ሠዓሊው ጽሑፉን አንብቦ መጀመሪያ የክብሪት ቀፎ በምታህል ንድፍ ሣጥኖቹን ይደለድላል፤ ሰፊው ለመንገዱና ለባቡር ሐዲዱ፣ ጠባቡ ለወያላው ፊት። ንድፉ ሲጥመው በትልቅ ወረቀት ወይም በታብሌት በእርሳስ ያብራራዋል፤ ከዚያ በጥቁር ቀለም ያጸድቀዋል። ቅርብ ያለው በወፍራም መስመር፣ የራቀው ፎቅ በቀጭኑ ይሣላል።

ማቅለም ሁለት ዙር አለው። መጀመሪያ ሚኒባሱ ሰማያዊና ነጭ፣ የወያላው ሹራብ ቀይ እየተባለ፣ ጥላ ሳይገባ ሁሉም እንዲሁ ይሞላል። አሰልቺ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ከተቀመጠ ሹራቡን በኋላ አረንጓዴ ማድረግ የአንድ ንክኪ ሥራ ነው። ሁለተኛው ዙር ብርሃንና ጥላ ነው። ፀሐይዋ ከየት እንደምትመጣ አስቀድሞ ያልወሰነ ሠዓሊ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

ፊደል በልማድ መጨረሻ ላይ ይገባል። ለአማርኛ ይህ አይሆንም፤ የንግግሩ ቦታ ገና በትንሿ ንድፍ መያዝ አለበት። «አላስቀመጥንላቸውም» አንድ ቃል ነው፤ በጠባብ የንግግር አረፋ ውስጥ ወይ ይሰበራል ወይ ፊደሉ ይኮሰምናል። የአሜሪካ ኮሚክ በትልልቅ ፊደል ብቻ መጻፍን ለምዷል፤ ፊደላችን ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው፣ ወያላው «ሳሪስ! ቃሊቲ!» ሲል ጩኸቱ የሚታየው ፊደሉ ሲወፍርና ከአረፋው ሊወጣ ሲደርስ ነው።

ግሣችን ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋ መሆኑ ደግሞ ለደራሲው ሲሳይ ነው። የገጹ የመጨረሻ ሣጥን «ወንድምህን ትናንት ጀሞ ላይ...» ብሎ ይቆማል፤ «አየሁት» ይሁን «ያዙት» ገጹ ካልተገለጠ አይታወቅም።