ደስታ የመማር ቅድመ ሁኔታ ስለ መሆኑ

በትምህርት ቤት ስላለ ደስታ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የእረፍት ሰዓት ጨዋታን ነው። ደስታ ግን ከትምህርት በኋላ የሚሰጥ ሽልማት ብቻ ሳይሆን ራሱ የመማር ቅድመ ሁኔታ ነው።

ሕፃን አዲስ ነገር ሲማር የሚገለገልበት የሥራ ትውስታ ውሱን ነው። ቢሳሳት እንደሚሣቅበት የሚሠጋ ተማሪ ከዚህ አቅም ከፊሉን ለሥጋቱ ያውለዋል፤ ለስሌቱ የሚተርፈው ያንሳል። በአንጻሩ የሥነ ልቦና ምሁሯ ባርባራ ፍሬድሪክሰን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳብራሩት፣ አዎንታዊ ስሜት ትኩረትንና አስተሳሰብን ያሰፋል፤ ውሎ አድሮም ዕውቀትን፣ ወዳጅነትንና ጽናትን ያካብታል።

ይህ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃናት ፊደልን በአንድነት ሲያዜሙ የደከመው በጎበዙ ድምፅ ይደገፋል። እዚያው ግን አለንጋም ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይሁንና አለንጋው ተጥሎ ስድቡና ሹፈቱ ከቀጠለ፣ የልጁ ሥጋት ባለበት ይኖራል።

ደስታ ስንል ልፋት የሌለበት ትምህርት ማለታችን አይደለም። ከባድ ጥያቄ ታግሎ የፈታ ልጅ የሚያገኘው ደስታ ከጨዋታው ደስታ አያንስም፤ ለመታገል ግን አስቀድሞ መሳሳት ሊፈቀድለት ይገባል። ስለዚህ ነገ መምህራን የምትሆኑ ሁሉ ክፍላችሁን በዚህ መዝኑት፦ ‹‹አልገባኝም›› ለማለት የሚደፍር ልጅ አለበትን?