ዝም ያለውን የክፍል ጓደኛዎን ይጠይቁት

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ፣ አለማያ ወይም ጎንደር አብረው የተማሩ ሰዎች ዛሬ ሰባ ዓመትን ተሻግረዋል። ብዙዎቹ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደየገጠሩ ወጡ፤ ቀጥሎ የመጣው ዘመን ደግሞ ከፊሉን ለስደት፣ ከፊሉን ለሞት ዳረገ። የቀሩት አሁን በቴሌግራም ተሰባስበው አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ሌላው ከሐዋሳ፣ ሌላው ከዋሽንግተን ወሬ ይለዋወጣሉ። «በሕይወት እያለን አንድ ቀን እንገናኝ» የሚል ሐሳብም ይነሳል። እርስዎም ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ ሐሳቡን እንደ ጡረተኛ ጨዋታ ብቻ አይዩት።

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1938 የጀመረው ጥናት 268 የኮሌጅ ተማሪዎችን እስከ እርጅናቸው ተከታትሏል፤ ከቦስተን ድሃ ሰፈሮች የመጡ ታዳጊዎችም ተጨምረውበታል። ተሳታፊዎቹ ወንዶች ብቻ ስለነበሩ ሁሉንም ይወክላል አልልም። ሆኖም በ50 ዓመታቸው ከሰው ጋር ባላቸው ግንኙነት ደስተኛ የነበሩት በ80 ዓመታቸው የተሻለ ጤና ይዘው ተገኝተዋል። ይህን አስቀድሞ በማሳየት የኮሌስትሮል መጠን እንኳ አልተስተካከለውም።

የክፍል ጓደኛ ደግሞ ከሌላው ወዳጅ የሚለይበት ነገር አለ። ጎረቤት «ጋሼ» ይልዎታል፣ የልጅ ልጅ «አባባ»፣ እኛ ሐኪሞችም «አባቴ»። «አንተ!» ብሎ በዶርም ቅጽል ስምዎ የሚጠራዎ የቀረው እሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው በቡድኑ ውስጥ ዝም ያለውን ሰው ነው። በፊት ቀልድ ይጽፍ የነበረ፣ አሁን ለመልእክት መልስ የማይሰጥ፣ ሲጠራ «አይመቸኝም» የሚል። ብዙ ጊዜ «ኮራብን» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ሕመም እጠረጥራለሁ። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው የስልኩን ጽሑፍ ማንበብ ያቅተዋል፤ ይህ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው። ጆሮው የደከመ ሰው በሚንጫጫ አዳራሽ ያለቦታው ስቆ ከሚያፍር መቅረትን ይመርጣል። አንዳንዴ ችግሩ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ፕሮስቴቱ ያበጠበት ሰው ሽንት ቤት መመላለሱን ያፍርበታል፤ ሲስቁ ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶችም ሳቅ ካለበት ይርቃሉ። ለሁለቱም ሕክምና አለ፤ ግን ካልተናገሩት ማንም አያውቅላቸውም። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ሕመምተኛ ቫይታሚን ቢ12 አንሶት ሊደክምና ሊረሳ ይችላል፤ ይህም በደም ምርመራ ይታወቃል።

ድባቴ በአረጋውያን ላይ «ከፋኝ» በሚል ቃል ብቻ አይመጣም። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ «ሰውነቴን ይከብደኛል» ማለትና ከሰው መሸሽ ሊሆን ይችላል። ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ለመርሳት በሽታ ያጋልጣሉ፣ ግን መከላከል ይቻላል ካላቸው 14 ነገሮች መካከል ድባቴን፣ የመስማት ችግርን፣ ያልታከመ የዓይን ችግርንና ከሰው መነጠልን ቆጥሯል። አራቱም ዝም ባለው ጓደኛዎ ላይ በአንድነት ሊገኙ ይችላሉ።

ሕመም የማይባል ምክንያትም አለ። ቡድኑ በልጆች ምረቃና በአዲስ ቤት ፎቶ ሲሞላ፣ በጡረታ አበል ብቻ የሚኖር ወይም ልጁን የቀበረ ሰው ምን ብሎ ይጻፍ? መዋጮውን ዝቅ ማድረግ ከሐኪም ምክር በላይ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ በሁሉም ፊት «ምነው ጠፋህ?» ብለው አይጻፉለት። ለብቻው ይደውሉለት፤ ካላነሳ ቤቱ ሄደው ይጠይቁት። ስለ ዓይኑ፣ ስለ ጆሮው፣ ስለ እንቅልፉ የራስዎን ችግር አስቀድመው እየነገሩ ያጫውቱት። «መኖር ሰልችቶኛል» ካለዎት እንደ ቀልድ አይለፉት፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

ከውጭ የሚመጡ መድኃኒታቸውን በእጅ ሻንጣቸው ይያዙ፤ በአውሮፕላን ውስጥም በየጊዜው እየተነሡ ይራመዱ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት።

በመገናኛው ቀን ንግግር እንደሚረዝም የታወቀ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ግን ምሳው ከዘገየበት ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ግራ ከተጋባ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ያጠጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሕክምና ያድርሱት። ጆሮው የደከመውን ጓደኛዎን ደግሞ ከድምፅ ማጉያው አርቀው፣ ጀርባውን ለግድግዳ አሰጥተው ያስቀምጡት፤ ሲያጫውቱትም ፊት ለፊቱ ሆነው፣ ሳይጮኹ ቀስ ብለው ይናገሩ።