ርካሽ ውጅግራ፣ ውድ መዘዝ

በዲማም ሆነ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ደጋ ለለቅሶና ለሠርግ የሚተኮስ የአያት ጠመንጃ እንግዳ ነገር አይደለም። «ርካሽ ውጅግራ ተገኝቷል» ሲባል ግን ገዢ ከዋጋው በፊት ሁለት ጥያቄ ማንሳት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ስለ ብረቱ ነው። ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ ጠመንጃ ሲሆን፣ የተሠራውም ለጥቁር ባሩድ ነው። የዘመኑ ጭስ አልባ ባሩድ የሚፈጥረው ግፊት ይበልጣል። ስለዚህ አሮጌ ቀለህ በዚህ ባሩድ ሞልቶ መተኮስ ጠመንጃውን በተኳሹ ፊት ሊያፈነዳው ይችላል። ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ያላቸው አሮጌ የአደን ጠመንጃዎችም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደሉም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሕጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጠመንጃ ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መሸጥ ክልክል ነው።  «የአያቴ ነው» ማለት ፈቃድን አይተካም።

ብረቱ ያረጀ፣ ወረቀትም የሌለው ጠመንጃ በነፃ ቢሰጥ እንኳ ውድ ነው።