ራታቱይ፦ በፊልም ያየነው እና በድስት የሚሠራው ለምን ይለያያሉ?

«ራታቱይ» ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። በስሱ የተቆረጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ክቦች ተደርድረው፣ ሳህን ላይ እንደ አበባ ተጠምዝዘው። ይህን ያየ ሰው «ይሄማ የሼፍ ሥራ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ «አትክልት አይደል እንዴ!» ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ ድስት ውስጥ ይጨምረዋል። የሚወጣለት ግን ውሃ የበዛበት፣ የላመ፣ ምኑም የማይለይ ነገር ነው። ዘይቱም አትክልቱም በዚህ ዋጋ ተገዝቶ ሲደፋ ያናድዳል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሞክሩት ላሰባችሁ፣ ምግቡ ምን እንደሆነና የት ላይ እንደሚበላሽ እናስረዳችሁ።

ፎቶው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ በ2007 ከወጣው የፒክሳር አኒሜሽን ፊልም ነው። ሬሚ የተባለው አይጥ ለኃያሲው አንቶን ኢጎ ያቀረበው ምግብ በስም ራታቱይ ይባል እንጂ አሠራሩ «ኮንፊ ባያልዲ» የሚባል ሌላ ምግብ ነው። ይህን የፈጠረው ፈረንሳዊው ሼፍ ሚሼል ጌራር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1976 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ለፊልሙ አሻሽሎ ያቀረበው ደግሞ አሜሪካዊው ሼፍ ቶማስ ኬለር ነው። እሱ በኦቨን ቀስ ብሎ የሚበስል የሬስቶራንት ምግብ ነው።

ዋናው ራታቱይ ግን የደቡብ ፈረንሳይ፣ በተለይ የኒስ ከተማና የአካባቢዋ የቤት ምግብ ነው። በስሙ ውስጥ ያለችው «ቱዪዬ» በፈረንሳይኛ «ማማሰል» ማለት ነች። ቃሉ ድሮ የክብር ስም አልነበረም። ያገኙትን ደባልቀው ለሚሠሩት ርካሽ ወጥ የሚሰጥ ስም ነበር፤ የፈረንሳይ ወታደሮችም የካምፕ ምግባቸውን በአጭሩ «ራታ» ይሉት ነበር። በበጋ አትክልቱ ሲትረፈረፍና ሲረክስ የሚሠራ የድሃ ምግብ ነው። ስለዚህ ክብ እየቆረጡ መደርደር ግዴታ አይደለም።

ታዲያ ለምን ይበላሻል?

መልሱ ውሃ ነው። ዝኩኒና ቲማቲም ከክብደታቸው 95 በመቶ ገደማ ውሃ ናቸው። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ አትክልት ቡናማ ሆኖ ጣዕም የሚያወጣው ግን ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። መጥበሻው ከተጨናነቀ ውሃው ወጥቶ አያልቅም፣ ሙቀቱም ከ100 አያልፍም። ያኔ አትክልቱ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ሁለተኛው ደበርጃን ነው (አንዳንዶቻችን ኤግፕላንት የምንለው)። ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ስለሆነ የሰጡትን ዘይት ሁሉ ይመጣል። ጨው ስትነሰንሱበት ውሃው ይወጣል፣ አየር የያዘው ክፍልም ይሟሽሻል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጠው ዘይት ይቀንሳል።

ለ4 ሰው የሚያስፈልገው

ግማሽ ኪሎ ደበርጃን፣ ግማሽ ኪሎ ዝኩኒ፣ 2 የፈረንጅ ቃሪያ፣ 6 የበሰለ ቲማቲም፣ 2 ሽንኩርት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 7 የሾርባ ማንኪያ ያህል የወይራ ዘይት፣ ጨው፣ ጦስኝና በሶብላ። ፈረንሳዮቹ የሚጠቀሙበት «ቲም» የጦስኝ፣ «ባዚሊክ» ደግሞ የበሶብላ ዘመድ ነው። የእኛው ጦስኝ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ትንሽ ይበቃል።

አሠራሩ

1. ደበርጃኑን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጨው ነስንሱበትና 30 ደቂቃ ወንፊት ላይ አቆዩት። ከዚያ ለቅለቅ አድርጋችሁ በደንብ አድርቁት።

2. ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በ2 ማንኪያ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት 15 ደቂቃ ያህል አብስሉ። መለስለስ አለበት እንጂ ማረር የለበትም። ነጭ ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ ጨምሩ።

3. ቲማቲሙን የፈላ ውሃ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ከታችሁ ላጡት፣ ክተፉትና ከጦስኙ ጋር ጨምሩ። ውሃው መጦ ወፈር እስኪል ሌላ 15 ደቂቃ ይብሰል።

4. በሌላ መጥበሻ ደበርጃኑን በ3 ማንኪያ ዘይት ቡናማ እስኪሆን ጥበሱ፣ አውጡ። ዝኩኒውንም በቀሪው ዘይት እንደዚያው። መጥበሻው ጠባብ ከሆነ በሁለት ዙር አድርጉት፤ እዚህ ላይ መቸኮል ነው ሥራውን የሚያበላሸው።

5. ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋችሁ በዝግታ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆዩት። እንዳይፈራርስ ደጋግማችሁ አታማስሉ። ሲወርድ በሶብላውን ጣል አድርጉ።

«በአንድ ድስት አይሆንም ወይ?» ላላችሁ፣ ይሆናል። ፈረንሳይ ውስጥም ጊዜ የሌለው ሰው እንደዚያ ይሠራዋል። ግን ለየብቻ ሲጠበስ እያንዳንዱ አትክልት የራሱን ጣዕም ይዞ ይገናኛል፤ አብሮ ሲገባ ሁሉም የቲማቲም ጣዕም ይይዛል። ልዩነቱ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ምርጫው የእናንተ ነው።

ትኩስ ሆኖም ቀዝቅዞም፣ ከዳቦ ጋር ይበላል፤ ለሚፈልግ ደግሞ እንቁላል ወይም ዓሣ አጠገቡ ይሆናል። የእንስሳት ተዋጽኦ ስለሌለው ለጾምም ይሆናል። ከተረፈ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ሳይቆይ ፍሪጅ ይግባ፤ በማግስቱ ጣዕሙ ተዋህዶ ከመጀመሪያው ቀን ይሻላል። በ3 ቀን ውስጥ ግን ጨርሱት።

መውጣት አለመውጣቱን ለማወቅ ፎቶ አያስፈልግም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቅመሱት፤ ደበርጃኑን ከዝኩኒው መለየት ከቻላችሁ ራታቱይ ሠርታችኋል።