ጨውን የሚታገሥ ሰብል

ጨው በቤታችን የተከበረ ነገር ነው። ያለ ጨው ወጥ አይጣፍጥም፤ ከብትም ጨው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ከአፋር በረሓ እየተቆረጠ በግመልና በአጋሰስ ወደ ደጋ ይወጣ የነበረው አሞሌ በወሎ ገበያዎች ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ነገር ግን ይህ በገበታ የተወደደው ጨው በእርሻ ላይ ሲገኝ ጠላት ይሆናል። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈው አቤሜሌክ የሴኬምን ከተማ ካፈረሰ በኋላ ጨው መዝራቱ ምድሪቱ ጠፍ ሆና እንድትቀር ሲል ነበረ። ስለዚህ ሰብል ጨውን እንዴት እንደሚለማመድ፥ እንዴት እንደሚችለው፥ ትዕግሥቱም እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ በዛሬው ጽሑፋችን ለቤተ ሰብ ልናስረዳ አስበናል።

የደጎሎና የመካነ ሰላም ሰው «ይህ ነገር ለእኔ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል፤ እውነትም አለው። የደጋው ዋልካ የሚያስቸግረው ውኃ በመቋጠሩ እንጂ በጨው አይደለም። የክረምቱ ዝናም አፈሩን በየዓመቱ ያጥበዋል፤ ጨዉም በወንጪትና በጀማ ተጭኖ ወደ አባይ ይወርዳል። ነገር ግን ከዚያው ከደቡብ ወሎ በምሥራቅ በኩል የሚፈስሰው ቦርከና የሚገባው ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽም ወደ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በዚያ ቆላ ውኃው በፀሐይ ትኵሳት ተንኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ጨው ግን ክንፍ የለውምና ከመሬት ይቀራል።

ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። በአንድ ሊትር የመስኖ ውኃ ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው ቢኖር ውኃው ለመጠጥ እንኳ ጨው ጨው አይልም። ሆኖም አንድ ሔክታር መሬት በዓመት አንድ ሜትር ከፍታ ያህል ውኃ ቢጠጣ፥ ይኸውም 10,000 ሜትር ኩብ ነው፥ በዚያ እርሻ ላይ 50 ኩንታል ጨው ተራገፈ ማለት ነው። መውጫ ካልተበጀለት በሁለተኛው ዓመት 100 ኩንታል ይሆናል።

ይህም በአገራችን የታየ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ከተሠራ በኋላ የአዋሽ ውኃ በሥርዓት ስለ ተያዘ፥ በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራና በመልካ ሰዲ የጥጥና የሙዝ እርሻ ሰፋ። ውኃው ግን የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት በጊዜው በሚገባ አልተዘጋጀለትም ነበርና፥ ከመሬት በታች ያለው ውኃ ከፍ እያለ ጨዉን ወደ ላይ አወጣው። ብዙ መሬትም ነጭ አመዳይ የወረደበት መስሎ ከእርሻ ወጣ። በዚያው አገር የሚገኘው የወረር የእርሻ ምርምር ማዕከል ጨውን የሚችሉ ሰብሎችንና የከብት መኖዎችን ሲመረምር የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨው ሰብልን የሚጐዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጥም ነው። ጨው የበዛበት አፈር ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዘው፥ ተክሉ እግሩ በረጠበ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ይጠማል። ገበሬውም «ጠወለገብኝ» ብሎ ውኃ ይጨምርለታል፤ የተጨመረው ውኃ ደግሞ ሌላ ጨው ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው መርዝ ነው። በጨው ውስጥ ያለው ሶድዮም ለተክል ምግብ የሆነውን ፖታስዮምን ስለሚመስል በእርሱ በር ሾልኮ ይገባል። በቅጠሉም ውስጥ በተጠራቀመ ጊዜ ሥራውን ሁሉ ያውካል፤ አስቀድሞም አሮጌው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ እንደ ተቃጠለ ሆኖ ይደርቃል።

ጨውን የሚችል ተክል ግን ቤቷን እንደምታስተዳድር ብልህ እመቤት ነው። በመጀመሪያ በሩን ይጠብቃል፤ ወደ ሥሩ የገባውን ሶድዮም መልሶ ወደ ውጭ ያስወጣል፥ ወደ ቅጠልም እንዳይወጣ በመንገድ ይይዘዋል። የዳቦ ስንዴ በዚህ የበረታ ነው። በሁለተኛው፥ ሾልኮ የገባውን በጓዳ ይቆልፍበታል፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከረጢት የሚመስል ማጠራቀሚያ አለና ጨዉን በዚያ ያስቀምጠዋል። ገብስ ብዙ ጨው አስገብቶ ሳይጐዳ የሚኖረው በዚህ ዘዴ ነው። በሦስተኛው፥ ስኳርንና ይህን የመሳሰሉ የማይጐዱ ነገሮችን በውስጡ አዘጋጅቶ ውኃን ከአፈሩ ለመሳብ ኀይል ያገኛል።

ይህን ሁሉ ለማሰናዳት ግን ጊዜ ያስፈልገዋል። ጨው በአንድ ቀን ቢበዛበት የሚሞተው ቡቃያ፥ ጥቂት በጥቂት ቢመጣበት ይለማመደዋል። ልማዱም ያለ ዋጋ አይገኝም። ለእድገትና ለፍሬ ይሆን የነበረው ጕልበት በር ለመጠበቅና ጓዳ ለመቆለፍ ስለሚውል ቅጠሉ ያንሳል፥ ምርቱም ይቀንሳል። ደግሞም አንድ ተክል በዕድሜው የለመደው ነገርና በዘሩ የወረሰው ችሎታ የተለያዩ ናቸው፤ ገበሬ ተማምኖ ርስት አድርጎ ሊያወርሰው የሚችለው ሁለተኛውን ነው።

ችሎታውም በሰብሉ ዓይነት ይለያያል። የአፈር ጨው ዴሲሲመንስ በሜትር በሚባል መለኪያ ይለካል፤ 4 ከደረሰ ጨዋማ አፈር ይባላል። የገብስ ምርት መቀነስ የሚጀምረው 8 ላይ፥ የጥጥ 7.7 ላይ፥ የስንዴ 6 ላይ ሲሆን፥ የበቆሎ 1.7፥ የሽንኩርት 1.2፥ የቦሎቄ ደግሞ 1 ላይ ነው። ምስርና ሽምብራም ጨው አይችሉም። ስለዚህ በደጋ የለመደውን ዘር ሁሉ ይዞ ወደ ቆላ መስኖ የሚወርድ ገበሬ አስቀድሞ አፈሩን ያስመርምር።

የዘር ነገር ከተነሣ አንድ ምሳሌ እንጨምር። የወሎ ደጋ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ዱረም የሚባለው ጠንካራ ስንዴ ጨውን በመቻል ከዳቦ ስንዴ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአውስትራልያ ሊቃውንት ሶድዮምን ከቅጠል የሚከለክለውን ባሕርይ ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ አምጥተው በዱረም ውስጥ ቢያገቡት፥ በጨዋማ መሬት ላይ ምርቱ እስከ 25 በመቶ ጨመረ። እንግዲህ የዘመኑ ጥበብ የተናቀውን የጥንት ዘር ፍለጋ ተመለሰ ማለት ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1976 በተመሠረተውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በሚባለው ቤት የገበሬዎቻችን ገብስና ስንዴ ተጠብቆ ይገኛል። በየጎተራው ያለውን የአባቶች ዘር የሚጥል ሰው ምን እንደሚጥል አያውቅም።

ሆኖም በሰብል ትዕግሥት ብቻ መታመን አይገባም። በጥንት ዘመን በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል መሬቱ ጨው በያዘ ጊዜ ሕዝቡ ስንዴን ትቶ ወደ ገብስ እንደ ዞረ፥ በኋላም የገብሱ ምርት ራሱ እንደ ተመናመነ የጻፉ ሊቃውንት አሉ። ዋናው መድኀኒት ውኃን በልክ ማጠጣት፥ የተጠራቀመውን ጨው በንጹሕ ውኃ ማጠብ፥ የታጠበበትም ውኃ የሚወጣበት ቦይ መቈፈር ነው። ሶድዮም አፈሩን ካደነደነው ጂፕሰም የሚባለው ድንጋይ ተፈጭቶ ቢጨመርበት ይረዳል።

ልጆች ይህን በዓይናቸው እንዲያዩ በቤት ሊሞከር ይቻላል። በአራት ሳሕን ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ በሁለቱ ገብስ፥ በሁለቱ ምስር፥ ዐሥር ዐሥር ፍሬ ማድረግ ነው። ከየዓይነቱ አንዱን በንጹሕ ውኃ፥ ሁለተኛውን በአንድ ሊትር 5 ግራም ያህል ጨው በተበጠበጠበት ውኃ ማርጠብና እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው። በየማለዳው የበቀለውን ቈጥረው ይጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ ገብሱ ጥቂት ዘግይቶ ሲወጣ ምስሩ ወደ ኋላ ይቀራል።

ውኃ በረከት ነው፤ መውጫ የሌለው ውኃ ግን ዕዳ ይሆናል። በቆላ አገር መስኖ እንዲወጣ የሚያዝዝ ሹም ሁሉ የሚያስገባውን ቦይ በሚያስቈፍርበት ቀን የሚያስወጣውንም አብሮ እንዲያስቈፍር አደራ እንላለን። ሰብሉ የሚችለውን ያህል ይታገሣል፤ የቀረው የሰው ሥራ ነው።