እቴቴ በ46 ዓመቷ እንደገና ተማሪ ሆነች

አክስቴን ሁላችንም እቴቴ እንላታለን። የምትኖረው ሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን ውስጥ ነው። ለ18 ዓመታት ሥራዋ ቢሮ ማጽዳት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ከኤድመንተን ግሪን በ149 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ መሀል ከተማ ትሄዳለች። የቢሮው ሠራተኞች ሲገቡ እሷ ጨርሳ ትወጣለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እያፈላች፣ «በዚህ ዕድሜዬ ነርስ መሆን የምችል ይመስልሃል?» አለችኝ።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ከአዲስ አበባ መጥቼ ሁለተኛ ዲግሪዬን እዚህ ስለሠራሁ፣ ዘመዶቼ ስለ ትምህርት የሚጠይቁት እኔን ነው። ብዙም ሳላስብ፣ «ለነርስነትማ ዲግሪ ያስፈልጋል፣ እቴቴ» አልኳት።

እሷ ትምህርቷን ያቆመችው 10ኛ ክፍል ላይ ነው። ምንም አልመለሰችልኝም። ሁለተኛውን ቡና ቀድታ ሰጠችኝና ወሬ ቀየረች።

ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ራሷ ጠይቃ፣ ራሷ አመልክታ፣ በአንድ ሆስፒታል የጤና ረዳት ሆና ተቀጥራለች። «አሁን ደግሞ እየሠራሽ መማር ትችያለሽ ብለውኛል» አለች። አፈርኩ። ለነርስነት ዲግሪ እንደሚያስፈልግ የነገርኳት እውነት ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን አንድ ብቻ አይደለም።

እየሠሩ መማር

በእንግሊዝ አገር «አፕረንቲስሺፕ» የሚባል አሠራር አለ። ሰው ተቀጥሮ፣ ደመወዝ እየተከፈለው፣ ሙያ ይማራል። የትምህርቱን ወጪ ተማሪው አይከፍልም። ብዙዎቻችን ለወጣቶች ብቻ ይመስለናል እንጂ የዕድሜ ጣሪያ የለውም።

እቴቴ የመረጠችው «ነርሲንግ አሶሺዬት» የሚባለውን ሙያ ነው። በጤና ረዳትና በነርስ መካከል ያለ ሥራ ሲሆን፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለሙያዎቹ እንደ ነርሶች ይመዘገባሉ። ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የፈለገ ሰው ትምህርቱን ቀጥሎ ነርስ መሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው ትምህርት ለኤድመንተን አዲስ አይደለም። ገጣሚው ጆን ኪትስ ከ200 ዓመት በፊት በዚሁ ሰፈር፣ ቸርች ስትሪት ላይ፣ ቶማስ ሀመንድ በሚባል ሐኪም ሥር ሆኖ ሕክምና ተለማምዷል። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ1816 የሙያ ፈቃዱን አገኘ፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ሕክምናውን ትቶ ወደ ግጥም ዞረ። ይህን ለእቴቴ ስነግራት ሳቀች። «እሱ ከሕክምናው ወጣ፣ እኔ ልገባ ነው» አለች።

የእቁብ ሒሳብ

አንድ ችግር ግን ነበር። ሥልጠናውን ለመጀመር በሒሳብና በእንግሊዝኛ «ሌቭል 2» የሚባለው ደረጃ ያስፈልጋል። ይህ ማረጋገጫ የሌላቸው አዋቂዎች በነፃ መማር ይችላሉ። እንግሊዝኛውን አለፈች። ሒሳቡን ወደቀች።

ማታ ማታ ላስጠናት ጀመርኩ። እኔ ኤክስና ዋይ እጽፋለሁ፣ እሷ ዝም ብላ ታየኛለች። አንድ ቀን እርሳሱን አስቀምጣ፣ «ተወው፣ ለእኔ አልተፈጠረም» አለችኝ።

በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጠራ። እቴቴ የእቁብ ሰብሳቢ ናት። 24 ሰዎች በሳምንት 50 ፓውንድ ይጥላሉ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ስንት ጎደለ የሚለውን ያለ ወረቀት ተናግራ ስልኩን ዘጋች።

«እቴቴ፣ የሳምንቱ እቁብ ስንት ነው?» አልኳት።

«1,200።»

«15 በመቶው ስንት ይሆናል?»

ትንሽ አሰበች። «አሥር በመቶው 120 ነው። የዚያ ግማሽ 60። ሲደመር 180።» ቀና ብላ አየችኝ። «ይኸው ነው እንዴ?»

ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ ኤክስና ዋይን ትተን በእቁብ አጠናን። ወደ መድኃኒት ልክም ተሻገርን፦ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም መድኃኒት ካለ፣ 400 ሚሊ ግራም ስንት ሚሊ ሊትር ነው? «አንዱ ሚሊ ሊትር 50 ይይዛል። ስለዚህ 8» አለች። በሁለተኛው ፈተና አለፈች።

ለእናንተ

መንገዱ ቀላል ነው አልልም። በአፕረንቲስሺፕ የመጀመሪያ ዓመት ቀጣሪው ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲከፍል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ከመፈረም በፊት ደመወዙን መጠየቅ ያስፈልጋል። የሌሊት ፈረቃና የቤት ሥራ ሲደራረቡም ይከብዳል። እቴቴ መጽሐፏ ላይ ተኝታ ያገኘኋት ስንት ጊዜ ነው! ግን የ46 ዓመት ሰው ጡረታ እስኪወጣ ገና ከ20 ዓመት በላይ ይሠራል። ለ20 ዓመት ሥራ 2 ዓመት መማር ብዙ አይደለም።

እናታችሁ፣ አባታችሁ ወይም አክስታችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጠይቋችሁ እንደ እኔ ቸኩላችሁ አትመልሱ። አብራችሁ ፈልጉ። ቅጹን አብራችሁ ሙሉ። እነሱ እናንተን ፊደል ሲያስቆጥሩ የታገሡትን ያህል ታገሡ።

እቴቴ አሁን ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት። ባለፈው እሑድ ቡና እያፈላች፣ «ነርስ ለመሆን ስንት ዓመት ይቀረኛል?» አለችኝ። በዚህኛው ጊዜ ስልኬን አወጣሁና፣ «ነይ አብረን እንይ» አልኳት።